አያዳላም የተባለው እግር

ስሙ በተጠራ ቁጥር ነዋሪዎቹ «ስለ እኛ ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቻችን ነው የሚያወሩት» የሚሉለት አንድ አገር ነበረ። እኛም ስሙን አንጠራውም፤ ማንንም ማስቀየም አንፈልግም።

አገሩ ያረፈው በአንድ ትልቅ ተራራ ላይ ነው። የተራራው አንዱ ጎን ፀሐይን በማለዳ ያገኛል፤ ሌላው ጎን ከቀትር በኋላ። በዚህ ምክንያት የአንደኛው ጎን ሰዎች ጧቶች፣ የሌላኛው ጎን ሰዎች ማታዎች ይባሉ ነበር። ከዚህ በቀር የሚለያቸው ነገር የለም። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ወጣቸው አንድ ነው፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳን የሚያሰሙት ድምፅ አንድ ነው። ቢሆንም ጧቶች ማታዎችን «አርፍደው የሚነቁ» እያሉ ያሟቸዋል። ጥሩ ሥራ ሁሉ በጧቶች እጅ ነበረ፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ቀድመው ስለሚነቁ ነው ይላሉ።

ይህ ሐሜት ያስመረረው አንድ ንጉሥ «ከዛሬ ጀምሮ ልዩነት የለም» ብሎ አወጀ። አዋጁን የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤትም አቋቋመ፤ ስሙም «ልዩነት የለም መሥሪያ ቤት» ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን የጀመረው ጧቶች ነጠላቸውን በቀኝ ትከሻቸው፣ ማታዎች ደግሞ በግራ ትከሻቸው ላይ እንዲጥሉ በማዘዝ ነበር። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉም እኩል መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል? ልዩነት አለ ብሎ የተናገረ ሰው ይታሰራል፤ ጧት ከሆነ በጧቶች እስር ቤት፣ ማታ ከሆነ በማታዎች እስር ቤት።

በዚያ አገር ሥራና ሹመት የሚሰጠው በእግር ነበር። የጥንት ሰዎች ብዙ ተከራክረው ነው እዚህ የደረሱት። ምላስ በማር ይታለላል፤ ዓይን በወርቅ ይታለላል፤ ጆሮ በውዳሴ ይታለላል፤ ለእግር ጉቦ ሰጥቶ የሚያውቅ ግን ማን አለ? ስለዚህ «እግረ እውነት» የሚባል፣ ለሴት የሚሰጥ ሹመት ተፈጠረ። ሥራ ፈላጊው በረጅሙ አዳራሽ አንደኛው ጫፍ ቆሞ የሚያውቀውን ይናገራል። እግረ እውነት ከሌላኛው ጫፍ ተነስታ ወደ እሱ ትራመዳለች። እግሯ እስከ እሱ አድርሷት እጇን ትከሻው ላይ ካሳረፈች ሥራውን አገኘ። እግሯ መንገድ ላይ ከቆመ ግን ተከልክሏል፤ የተከለከለ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ወደዚያ አዳራሽ አይመለስም። ለምን ቆምሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። እሷም አታውቀውም፤ አለማወቋም እንደ ክብር ይቆጠርላታል።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን እግረ እውነት የነበሩት እመት አንጓች ነበሩ። ትውልዳቸው ከማታዎች ወገን ነው፤ ከዚያ ወገን ለዚህ ክብር የበቃ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። በቀኝ እግራቸው ላይ የሹመታቸው ምልክት የሆነ የብር አልቦ አለ። ጨዋ ሴት ነበሩ። እጅ መንሻ አይቀበሉም፤ የዘመድ ልጅ ሲቀርብ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ከችሎት በፊት እግራቸውን ታጥበው «አደራህን፣ በቀና ምራኝ» ይሉታል። እውነትን እንደሚወዱ የሚጠራጠር አልነበረም፤ እሳቸውም አልተጠራጠሩም።

የልዩነት የለም መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሹም ወንድይራድ በእመት አንጓች ይኮሩ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አዳራሹ ድረስ ያመጡትና «እኚህ እናት ከማታ ወገን ናቸው» ይሉታል። «ታዲያ ከማታዎች አንዱ ሲቀርብ እግራቸው ቢቆም ማን አዳላ ሊባል ነው? የገዛ ወገናቸው ናቸው እኮ!» እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። እመት አንጓችም ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር ይላቸዋል፤ ግን እግር አይዋሽምና ምን ይደረጋል ብለው ይተዉታል። ማታዎች ሳይዘጋጁ እየመጡ ነው የሚቸገሩት ብለው ያስቡ ነበር፤ አንዳንዴም ጥቂት ምክር ይለግሷቸዋል።

አንድ ቀን ይኸነው የሚባል ከማታዎች ወገን የሆነ ሰው ቀረበ። በመንደሩ ዳስ ሥር ልጆች ሲያስተምር የኖረ ነው፤ የሚመኘውም የሁለቱ ወገን ልጆች አብረው በሚማሩበት በተራራው ጫፍ ትምህርት ቤት መምህር መሆን ነበር። እንዴት እንደሚያስተምር ሲጠየቅ «ልጅ ሲሳሳት መጀመሪያ አልቆጣውም» አለ። «እንዴት አድርገህ አሰብከው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያን ጊዜ እኔም የማላውቀውን አውቃለሁ።»

እመት አንጓች ንግግሩን ወደዱት። ልሂድለት ብለው ተነሱ። አዳራሹ መሀል ሲደርሱ ግን እግራቸው ቆመ። ይኸነው ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና በመጣበት በር ወጣ። እመት አንጓች ያን ቀን የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩ መለሱት።

በዚያው ሰሞን ጎረቤት አገሮች «የእነዚያ ሰዎች እግር ያዳላል» እያሉ ማውራት ጀመሩ። ሹም ወንድይራድ ተናደዱና እግሩ በሊቅ እንዲፈተን፣ ንጽሕናውም በደወል እንዲታወጅ ወሰኑ። ሊቋ አመለወርቅ ትባላለች፤ ከጧቶች ወገን ተወልዳ ከሐይቅ ማዶ የተማረች ሴት ናት። ይዛ የመጣችውም ቆብ ነበር።

ቆቡ እስከ አገጭ ይወርዳል። ያጠለቀው ሰው የቆመበትን ቤት አያይም፤ አመለወርቅ በጥበቧ ቆቡ ውስጥ ያኖረችውን ቤት ያያል። ዞር ቢል የዚያን ቤት ግድግዳ ያያል፤ ጎንበስ ቢል እጁን ያያል። እጁ ግን የራሱ አይደለም፤ እሷ የመረጠችለት የሌላ ሰው እጅ ነው። ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ያኛው ጣት ይንቀሳቀሳል። ጥቂት ከቆየ ገላው የራሱ መስሎ ይሰማዋል፤ በዚያ ገላ ላይ ዝንብ ሲያርፍ እሱ እሽ ይላል። የቤተ መንግሥቱ የወጥ ቤት አዛዥ፣ ሆዳሙ ሰው፣ በቆቡ የቀጭን ወጣት ገላ ውስጥ ገብተው አልወጣም ብለው በልመና ነው የወጡት።

«ይህ ጨዋታ ከእግር ጋር ምን ያገናኘዋል?» አሉ ሹም ወንድይራድ።

«እመት አንጓች ቆቡን አጥልቀው ሥራ ፈላጊዎችን ይመልከቱ፤ እንደ ልማዳቸውም ይራመዱ» አለች አመለወርቅ። «ሌላ ነገር አልፈልግም። ወለሉ ላይ አመድ እንድነሰንስ ብቻ ይፈቀድልኝ።»

ተፈቀደላት። አመዱን በወንፊት ነፍታ በአዳራሹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰችው። እመት አንጓች ጫማቸውን አውልቀው ቆቡን አጠለቁ። ቆቡ ውስጥ ሥራ ፈላጊዎች አንድ በአንድ እየቀረቡ ተናገሩ፤ እሳቸውም ወደ እያንዳንዱ ተራመዱ። ያላወቁት ነገር ቢኖር አመለወርቅ እያንዳንዱን ሰው ሁለት ጊዜ እንዳቀረበችላቸው ነው። ፊቱ ያው፣ ድምፁ ያው፣ ቃሉ ያው፤ በመሀል ሌሎች ስለሚገቡ ግን አይታወቅም። የሚለወጠው ነጠላው ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ ትከሻው፣ አንድ ጊዜ በግራው። በቀኝ ወደ ለበሱት ሲሄዱ በመስኮቱ በኩል፣ በግራ ወደ ለበሱት ሲሄዱ በግድግዳው በኩል እንዲያልፉ አድርጋለች።

ሲጨርሱ እመት አንጓች ቆቡን አወለቁ። ፊታቸው ረክቶ ነበር። «ዛሬስ የደረስኩትም የቆምኩትም በቅን ይመስለኛል» አሉ።

ከዚያ ወለሉን አዩት። በመስኮቱ በኩል ዱካቸው እስከ አዳራሹ ጫፍ ድረስ ሄዷል። በግድግዳው በኩል ግን መሀል ላይ ዱካ በዱካ ላይ ተደራርቦ ተረግጧል፤ ከዚያ ወዲያ አመዱ እንደተነፋ ነው። የማንም እግር አልነካውም።

መጀመሪያ የተናገሩት ሹም ወንድይራድ ነበሩ። «አመዱ የመጣው ከየትኛው ወገን ምድጃ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከማታዎች ምድጃ መሆኑ ሲነገራቸው እፎይ አሉና አመዱ ታፍሶ እንዲታሰር አዘዙ። ከጧቶች ምድጃ ሌላ አመድ መጣ፤ ዱካው ያው ሆነ። የግድግዳው ጎን ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ተባለና ጎኑ ተቀያየረ፤ ዱካው አብሮ ተቀያየረ። በመጨረሻ አንድ አማካሪ አዳራሹ ቢያጥር መልካም ነው አለ፤ እግሩ የሚቆምበት ቦታ ካጣ መቆሙን ይተዋል። ይህ አሳብ ለብዙ ጊዜ ተወደሰ።

እመት አንጓች የሚሉትን አልሰሙም። አመዱ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ዱካቸውን ያዩ ነበር።

አመለወርቅ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እመት፣ በርስዎ ብቻ የመጣ አይደለም» አለቻቸው። «በዚህ አገር ያደገ እግር ሁሉ የሚያየውን እያየ ነው ያደገው። እኔ ራሴን ፈትኜያለሁ።»

«የት ላይ ቆመ?»

«ከርስዎ እግር ቀድሞ ቆመ።»

እመት አንጓች ቀና ብለው አዩዋት። ልጅቱ አልሳቀችም። «እንግዲያው አንድ ነገር አድርጊልኝ» አሉ። «ቆቡን መልሺልኝና እዚያ ጫፍ ላይ አቁሚኝ። ሥራ ፈላጊው በሚቆምበት።»

አቆመቻቸው። እመት አንጓች ቆቡ ውስጥ ጎንበስ ብለው እጃቸውን አዩ፤ የጎልማሳ ወንድ እጅ ነው፤ ነጠላው በግራ ትከሻው ወርዷል። ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት፤ ታዘዛቸው። ከአዳራሹ ማዶ አንዲት ሴት ተነስታ ወደ እሳቸው መምጣት ጀመረች። ደግ ትመስላለች፤ ፊቷ ፈገግ ብሏል። ይቺስ ታደርስልኛለች ብለው ልባቸው ሞቀ። አልቦዋን ሲያዩ ነው ራሳቸውን ያወቁት። ቆቡ ቀደም ሲል የተራመዱትን እርምጃ ይዞ አቆይቶ አሁን መልሶ ያመጣላቸው ነበር።

ሴትዮዋ መጣች፣ መጣች፣ አዳራሹ መሀል ስትደርስ ቆመች። ፈገግታዋ አልጠፋም። ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም ታዝንላቸው ነበር። ግን አንዲት እርምጃ አትጨምርም። እመት አንጓች ያን የሰው እጅ ዘርግተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ነይ እንጂ!» አሉ። «ትንሽ ነው የቀረሽ! ምን ሆነሽ ነው? ነይ!»

አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ ይህን ጩኸት ሰማ። አመለወርቅ ቆቡን ከራሳቸው ላይ አወለቀችላቸው፤ ፊታቸው በእንባ ታጥቧል። እጇን ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቋትም። «አንቺ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «መራራ ነገር ነው ያጠጣሽኝ። ግን ሳላየው ሞቼ ቢሆን ኖሮ በመቃብሬ ላይ አላዳላችም ብለው ይጽፉብኝ ነበር። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።» ቅር አላላቸውም ማለት አይደለም፤ በጣም አፍረዋል። ከእፍረቱ ግን ምስጋናው በለጠባቸው።

በማግስቱ ንጉሡና አማካሪዎቻቸው በተሰበሰቡበት እመት አንጓች ቆመው «እግሬ አዳልቷል» አሉ። ሹም ወንድይራድ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሕጉ ይህን የተናገረ ሁሉ ይታሰር ይላል። ነገር ግን እመት አንጓች ማታ ሆነው ያዳሉት ለጧቶች ነውና የትኛው እስር ቤት ይግቡ የሚለው አከራከረ። ሊቃውንቱ መስማማት ስላልቻሉ ሳይታሰሩ ቀሩ።

«የሚጠይቁት ምንድን ነው?» አሉ ንጉሡ። ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

«ጃንሆይ፣ ይኸነው የሚባለው መምህር ይመለስልኝ። ዳግመኛ ልራመድለት።»

ሹም ወንድይራድ ብድግ አሉ። የተከለከለ ሰው ተመልሶ አያውቅም፤ ይህ ከሆነ አገር ይፈርሳል አሉ። ንጉሡ ትኩር ብለው ሲያዩዋቸው ግን አገሩን ትንሽ አቆሙትና «መመለሱስ ይመለስ» አሉ። «ሆኖም እመት አንጓች ይኸነው ፊት ካልደረሱ የአመዱ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው። ይኸነው ለዘላለም ይሂድ፤ እመት አንጓች አልቧቸውን ይፍቱ፤ ቆቡም ይቃጠል።»

«ይሁን» አሉ ንጉሡ።

ከአንድ ወር በኋላ የተቀጠረው ቀን እስኪደርስ እመት አንጓች ከአመለወርቅ ጋር በየቀኑ ተለማመዱ። በቆቡ ውስጥ ማታዎች ይቆሙላቸዋል፤ እሳቸው ይራመዳሉ። እግራቸው ጥቂት ጥቂት እየገፋ ሄደ፤ ግን ከመድረሱ በፊት ሁልጊዜ ይቆማል። እመት አንጓች ተናደው እግራቸውን በጥፊ መቱት።

«ልጄ፣ ይህ ቆብ ያድነኛል ብዬ ነበር እኮ» አሉ።

«እኔም ይህን ብዋሽዎ ደስ ባለኝ» አለች አመለወርቅ። «ቆቡ የሚችለው ማሳየት ነው፣ እመት። የለመደ እግር በአንድ ወር ልማዱን አይተውም።»

«እንግዲያው ቆሞብኝ የመምህሩን ሥራ ባስቀርበትስ?»

አመለወርቅ ውኃ አምጥታ እግራቸውን አጠበችላቸው።

ይኸነው መልእክቱ ሲደርሰው መጀመሪያ አልሄድም ብሎ ነበር። በዚያ አዳራሽ መሀል ስትቆም ያያት ሴት በሕልሙ እየተመለሰች ትታየው ነበር። ዳስ ሥር የሚያስተምራቸው ልጆች ናቸው ነጠላውን አጥበው ያቀረቡለት፤ እሱም አፍሮ ተነሳ።

አዳራሹ ሞላ። ጧቶች በቀኝ፣ ማታዎች በግራ ተቀመጡ፤ ሹም ወንድይራድ «ልዩነት የለም!» ሲሉ ሁሉም «ድሮስ!» ብሎ መለሰ። ይኸነው ጫፉ ላይ ቆሞ የሚያውቀውን ተናገረ። ድምፁ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ተቋረጠበት። እመት አንጓች ተነሱ።

አልቦው ሲያቃጭል ይሰማል። ሩብ መንገድ ሄዱ። አዳራሹ መሀል ደረሱ። ደግሞ ጥቂት አለፉ፤ ያን ጊዜ ማታዎች በተቀመጡበት በኩል ትንፋሽ ሁሉ ቆመ። እመት አንጓችም ቆሙ።

እግራቸው እንደ ግትር በቅሎ መሬቱን ይዟል። ሹም ወንድይራድ «ተከልክሏል» ለማለት በትራቸውን አነሱ። እመት አንጓች እግራቸውን አዩት፤ ከዚያ ይኸነውን አዩት።

«ቆሟል» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። «አትሳሳቱ፣ አልዋሻችሁም፤ እግሬ ዛሬም ቆሟል። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ መቆም ተምሯል፤ ሲያስተምሩት አልሰማሁም፣ እኔም አላስተማርኩትም። ይኸነውን ግን የሰማሁት በእግሬ አይደለም።»

አንድ እርምጃ ተራመዱ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ገላቸው ሁሉ ተመለሺ ተመለሺ ይላቸዋል። ሌላ እርምጃ ጨመሩ። አልቦው እንደ በፊቱ አያቃጭልም፤ እየተጎተተ ይንኳኳል። እጃቸውን እንደ ዓይነ ስውር ወደ ፊት ዘርግተው ሄዱ፤ በመጨረሻም ጣታቸው የይኸነውን ትከሻ ነካ፣ ነጠላው የወረደበትን ግራ ትከሻውን።

«ከሕግ ውጭ ነው!» ብለው ጮሁ ሹም ወንድይራድ። «እግር ቆሞ ነበር! ሁላችንም አይተናል!»

«እጃቸው አሁን የት ነው ያለው?» አሉ ንጉሡ።

ሹም ወንድይራድ አዩ፤ ዓይናቸውን አሹና ደግመው አዩ። «ትከሻው ላይ ነው፣ ጃንሆይ። ነገር ግን…»

«እንግዲያው ደርሰዋል» አሉ ንጉሡ። «ይኸነው በተራራው ጫፍ መምህር ነው።»

ከግራ በኩል እልልታው ፈነዳ፤ ከቀኝ በኩልም፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው፣ ከዚያ ብዙዎች ተከተሉ። እመት አንጓች ግን እጃቸውን አላነሱም፤ ቢያነሱት የሚወድቁ መስሏቸው ነበር። ይኸነው ክንዳቸውን ደገፋቸው። ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «እመት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው ቀስ ብሎ። «ቅድም ሲቆሙ እኔም ወደ ኋላ ብያለሁ። ደግሞ ሊመለሱ ነው ብዬ… እግሬ በራሱ ነው የሸሸው።»

እመት አንጓች ወደ እግሩ አዩ። እውነት ነው፤ ይኸነው ከመቆሚያው ወጥቶ ጀርባው ግድግዳውን ሊነካ ደርሷል።

«ለካ መንገዱ የረዘመብኝ ለዚህ ነው!» አሉ፤ ሳቃቸውም አመለጣቸው። ይኸነውም ሳቀ። እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይዞ፣ ማን ማንን እንደደገፈ ሳይታወቅ።

ሳቁ ሲበርድላቸው እመት አንጓች የይኸነውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሸሽተህ ሸሽተህ ግን በሩን አልወጣህም» አሉት። «ጠበቅኸኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»